እጅዎን ያንሱ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ቡሬ፣ ወፍጮ ቤት፣
ዳጉሳውን፣ ጤፉን፣ በርበሬውን ፈጨሁ በናፍጣ ጩኸት።
ቺንጋው ሲያፏጭብኝ፣ ድንጋዩ ሲያገሳ፣
ወሬ ከከንፈር ላይ እለቅም ነበረ ቁናውን ሳነሳ።
«ስንት ኪሎ?» በጣት፣
«ይደገም?» በአናት፣
«ነገ ና» በአገጭ፣
ስድብም በግምት።

ማታ ስተኛ እንኳ ሞተሩ አይጠፋም፤
ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ያለ እህል ይፈጫል፤ ዱቄት ግን አይተርፍም።

መብራት የጠፋ ለት ሚስቴ የሻረግ
አንድ ነገር አለች ከመደቡ ጥግ።
ከንፈሯ አልታየኝም። «እህ?» አልኳት፤ ደገመች።
«እህ?» አልኳት እንደገና፤ ፊቷን አዞረች።
ሲነጋ ጠየቅኋት፤ «ተወው፣ አልፏል» አለች።
እስከ ዛሬ አላውቀውም።
አንዳንድ ቃል አለ፣ ከተደገመ የሚሞት፣
እንደ ክብሪት እሳት አንዴ የሚጭሩት።

ሚዛኔን ሸጥኩና ባርባ ሁለት ዓመቴ ደብተር ገዝቼ
ደብረ ማርቆስ ሄድኩኝ፤ ከትምህርት ቤት ገባሁ በሩን አንኳኩቼ።
መምህር መስያቸው ልጆቹ ተነሡ፤
የኋላው ወንበር ላይ ስቀመጥ አይተውኝ ሳቅ አፍነው ታገሡ።
«ከታምቡሩ ወዲያ መዶሻ አለ፣ መስፍም፣ እርካብ አለ»
ሲሉን ጊዜ እኔ
ቀጥቃጭ በሌለበት፣ ፈረስ በሌለበት፣ ይህ ሁሉ ዕቃ ለማን ነው እያልኩ ሳሰላ
ደወል ተደወለ።
ልጆቹ ሲወጡ ነው የገባኝ።

መምህሩ አንድ ቀን «ና» አለኝ ጆሮዬን ሊለካ፤
ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ለካ
ከደጀን ዓባይ በረሃ እንደሚወርደው መንገድ
ቁልቁል ነው የሚሄድ።
«ወፍራሙን ትሰማለህ» አለ፣ «ቀጭኑ ሄዷል፤
ሰንም፣ ፈንም፣ ሸንም ወፍጮው ወስዷቸዋል።»
ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤት ሚስቴን ሲጠራት አዳምጣለሁ፤
«የ… ረግ» ነው የሚሉት።
መካከሏን ፈጭቼው ኖሯል።

አሁን ቡሬ ተመልሼ ነጭ ጋወን እለብሳለሁ፤
ድሮም ነጭ ነበርኩ፣ በዱቄት።
ክፍሌ ስፖንጅ ለብሷል፤ በመስታወቱ በኩል፣
«ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ» እላለሁ ለሁሉም እኩል።

ባለፈው ማክሰኞ ባለወፍጮው መጡ፣ አያ እንዳላማው፣
ልጃቸው ጎትቶ፤ እሳቸው ይቆጣሉ፣ «አልሰማም ያለ ማነው?»
ማድመጫውን ጫንኩላቸው።
ድምፅ ሰጠሁ፤ አነሱ።
ሳልሰጥም አነሱ።
ቁልፉን ለቅቄ እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ፣
ፈገግ ብለው አነሱ።
ይሉኝታ ነው፤ አውቀዋለሁ።
እኔም በስንቱ ሠርግ ያልሰማሁትን ቀልድ ስቄለታለሁ፣
ያልሰማሁትን መርዶ አንድ ቀን «እሰይ» ብያለሁ።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
ባዳስ ሲሄድ እንኳ ደህና ዋሉ ይላል።

ባቄላ የምታህለውን መሣሪያ ሳስርላቸው ደነገጡ፤
ወረቀት ስገልጥ ሰሙ፣ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰሙ፣ የገዛ ምራቃቸውን ሲውጡ።
ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ በቀስታ፣
«አንተ… ወፍጮው ያን ያህል ይጮህ ኖሯል?»

አልመለስኩም። ደረሰኝ ጻፍኩ።
አንዴ የሩብ ቀን ደመወዝ ቆርጠውብኝ ነበር፤ ትዝ አለኝ፤
አንድ ባትሪ ጨምሬ ሰጠኋቸው።

ማታ የራሴን መሣሪያ አውልቄ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖራለሁ።
ሞተሩ ይነሳል።
መብራት ይጠፋል፣ ያው ቡሬ ነው።
የሻረግ አጠገቤ ናት፤ ትተንፍስ፣ ትናገር አላውቅም።
በጨለማው ውስጥ፣ ቀስ ብዬ፣
እጄን አነሳለሁ።